የኢዮብ ልመናና የሳክስፎን ድምፅ

መጽሐፈ ኢዮብን ያነበበ ክርስቲያን ሁሉ በሰባተኛው ምዕራፍ የሚገኘውን የጻድቁን ልመና ያስታውሳል። ያ መከረኛ ሰው ዘመኑ እንደ ከንቱ እንዳለፈበት ተናግሮ፥ እግዚአብሔር ጥቂት ፋታ ይሰጠው ዘንድ ይለምናል። የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ይህን ቃል ለሙታን በምታደርሰው ጸሎት ውስጥ አግብታዋለች። በ16ኛው መቶ ዓመትም ክሪስቶባል ደ ሞራሌስ የተባለ እስፓኛዊ፥ በሮማ በጳጳሱ የጸሎት ቤት ይዘምር የነበረና በ1553 ዓ.ም. ያረፈ ሊቅ፥ ለአራት ድምፅ የተስማማ ዜማ ደርሶለታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚህ በኋላ ከአራት መቶ ዓመት በላይ አለፈ። በ1993 ዓ.ም. በኦስትሪያ ተራሮች መካከል በሚገኘው በቅዱስ ጌሮልድ ገዳም አምስት ሰዎች ተሰበሰቡ። አራቱ «ሂሊያርድ» የተባለው የእንግሊዝ የዝማሬ ጓድ አባላት ነበሩ፤ አምስተኛው ኖርዌያዊው የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋች ያን ጋርባሬክ ነው። ያገናኛቸውም የጀርመኑ ሙዚቃ አሳታሚ ማንፍሬድ አይከር ነበረ። በዚያ የተቀዳው ሥራ በ1994 ዓ.ም. «ኦፊሲዩም» ተብሎ ወጣ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቅጂም ተሸጠ።

አሠራሩን ብንመረምር እንዲህ ነው። ዘማሪዎቹ በብራና የተላለፈላቸውን የጥንት ዜማ ይዘው ይዘምራሉ። ለጋርባሬክ ግን የተጻፈ ነገር የለውም፤ የሚሰማውን እየተከተለ ከልቡ እያፈለቀ ይጫወታል። በሞራሌስ ዝማሬ አራቱ ድምፆች ቃሉን በአንድነት፥ በዝግታ ይናገራሉና፥ ሳክስፎኑ አንዳንድ ጊዜ በሐረጉ ፍጻሜ ባለው ጸጥታ ይገባል፤ አንዳንድ ጊዜም ከላይ ከፍ ብሎ ይዋይና ተመልሶ በድምፆቹ መካከል ይሰወራል። የድንጋዩ ሕንፃ የሚመልሰው የገደል ማሚቶ ሁሉንም አንድ ያደርጋቸዋል።

ይህን የሚነቅፉ ሰዎች ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛው፥ የተፈጸመ ጸሎት ጭማሪ አያሻውም፤ በጥንታዊ ሥዕል ላይ አዲስ ቀለም እንደ መቀባት ነው የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሆነው ታሪኩ ራሱ ነው። በመካከለኛው ዘመን የነበሩ የአውሮፓ መዘምራን በመጽሐፍ ተጽፎ ባዩት ዜማ ላይ ሁለተኛ ድምፅ በቃላቸው ይጨምሩ ነበር። ለእኛም ነገሩ እንግዳ አይደለም። ባለ ቅኔው የቤቱን ልክና ዜማውን ከመምህሩ ይቀበላል፤ ቃሉን ግን ለዕለቱ አዲስ አድርጎ ያፈልቃል። የትናንቱን ቢደግም ተቀኘ አይባልም፤ ልኩን ቢያፈርስም እንዲሁ። ስለዚህ ከልብ ማፍለቅ የሥርዓት ጠላት አይደለም፤ የሥርዓት ልጅ ነው።

ሁለተኛው ነቀፋ ግን ይበልጥ ይከብዳል። ቃሉን የማያውቅ ሰው ዜማውን ለዕረፍት ብቻ ይሰማዋል ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ኢዮብ በዐመድ ላይ ተቀምጦ ያሰማው ጩኸት ለእራት ማጣፈጫ ሲሆን፥ ጥፋቱ የሳክስፎኑ ሳይሆን የሰሚው ነው። እኛስ የማኅሌቱን ድምፅ እየወደድን የግዕዙን ትርጉም ሳንጠይቅ ስንት ሌሊት አሳልፈናል?

የሂሊያርድ ጓድና ጋርባሬክ በ2010 ዓ.ም. «ኦፊሲዩም ኖቩም» የተባለውን ሥራ ሲያወጡ ወደ ምሥራቅ ተመልክተው፥ የእኅት ቤተ ክርስቲያናችንን የአርመንን ዜማ ጨመሩ። ዜማውን ያቆየው መነኵሴው ኮሚታስ ነው። ኮሚታስ የሕዝቡንና የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ በየመንደሩ ሲሰበስብ ኖረ። በ1915 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ ከሌሎች የአርመን ሊቃውንት ጋር ተይዞ ተጋዘ፤ ከሞት ቢተርፍም አእምሮው ታወከ፥ በ1935 ዓ.ም. በፓሪስ አረፈ። ከሰበሰበው ብዙው ጠፍቷል። የተረፈው እንዲህ በባዕዳን አፍ ሲዘመር፥ አንድ ዜማ በሕይወት የሚኖረው የሚቀበለው ሲያገኝ ብቻ መሆኑን እንማራለን። የሂሊያርድ ጓድ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ተበትኗል፤ የተቀዳው ግን ይሰማል።

የቤተ ክርስቲያናችን አገልግሎት የራሱ ሥርዓትና ንዋየ ማሕሌት አለውና፥ ሳክስፎን ወደ ቅኔ ማሕሌት ይግባ የሚል ነገር ከእኛ አይወጣም። ነገር ግን ልጆቻችን ይህን የመሰለ ሙዚቃ በየቤታቸው እንደሚሰሙ እናውቃለን። ወላጆች ሆይ፥ ከመቈጣት በፊት አብራችሁ ተቀመጡ። አስቀድማችሁ የኢዮብን ሰባተኛ ምዕራፍ አንብቡላቸው፥ ከዚያ ዝማሬውን ስሙ። ሲያበቃም፥ «ያ አምስተኛው ድምፅ ምን የሚለምን ይመስላችኋል?» ብላችሁ ጠይቁአቸው። መልሳቸውን በትዕግሥት ብትሰሙ፥ ከልጆቻችሁ ልብ ውስጥ ከዚህ ቀደም ያልሰማችሁትን ትሰሙ ይሆናል።