ለቤት ኮምፒውተር ዩፒኤስ ሲመረጥ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ኮሶዬ፣ ከትራንስፎርመር ራቅ ያለ አንድ ቤት ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለው እንበል። የጎረቤት እንጀራ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ሁለት ሦስት ቤት እኩል ምጣድ ሲሰካ 220 መሆን የነበረበት ቮልት ወደ 180 ሊወርድ ይችላል። አምፖሉ ይደበዝዛል እንጂ መብራቱ አልሄደም። ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየውን መሣሪያ፣ ስንመርጥ አስቀድመን ማሰብ ያለብን ስለዚህ የቮልት መውረድ ነው።

ርካሹ ዩፒኤስ የሚያውቀው መስመሩን እንዳለ ማሳለፍ ወይም ወደ ባትሪ መዞር ብቻ ነው። ቮልቱ ከመጠን በታች በወረደ ቁጥር ባትሪውን ይጠቀማል። ሲዋዥቅ ባመሸ ቀን መብራቱ የምር ሲሄድ ባትሪው አልቆ ይገኛል። ኤቪአር ያለው ግን ቮልት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ውስጡ አለ። ምጣዱ ሲሰካ «ቀጭ» ብሎ ቮልቱን ያነሣል፤ ባትሪውን አይነካም። ከስንት ቮልት ጀምሮ እንደሚያስተካክል ካርቶኑ ላይ ያንብቡ፤ 140 የሚለው 170 ከሚለው ይሻላል።

ቀጥሎ ዋቱን ይዩ። በትልቁ የሚጻፈው «650 ቪኤ» ነው፤ ለእኛ የሚጠቅመን ግን በትንሹ የተጻፈው ዋት ነው፤ ብዙ ጊዜ 360 ወይም 390 ይላል። ኮምፒውተሩና ስክሪኑ አንድ ላይ 120 ዋት ቢወስዱ በደንብ ይችላቸዋል። ሌዘር ፕሪንተር ግን ሲሞቅ ብቻውን ከዚህ ሊያልፍ ስለሚችል በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ።

ስንት ደቂቃ ያቆያል? የትንሹ ዩፒኤስ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት። ለ120 ዋት ሲካፈል 42 ደቂቃ ይመጣል። ይሁንና የእርሳስ ባትሪ በጥድፊያ ሲመጠጥ ያለውን ሁሉ አይሰጥም፤ በመንገድ የሚባክንም አለ። ስለዚህ ሩብ ሰዓት ብለው ይያዙት። ሥራን ሴቭ አድርጎ በወጉ ለማጥፋት ይበቃል፤ ፊልም ለመጨረስ አይበቃም። 10 ዋት ገደማ የሚወስደውን የዋይፋይ ራውተር ብቻውን ቢሰኩበት ግን ሰዓታት ያመሻል።

የእርሳስ ባትሪን ቶሎ የሚገድለው ሙቀት ስለሆነ የኮሶዬ ደጋ ለዕድሜው ደግ ነው። ቢሆንም በ3 ወይም በ4 ዓመት ይደክማል፤ ባትሪው ብቻውን የሚቀየርና ጎንደር የሚገኝ መሆኑን ሳይጠይቁ አይግዙ። ክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር ግን በኤቪአርም አይተማመኑ፤ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ዩፒኤሱን ከግድግዳው ይንቀሉ።