ሳሎናችሁን ወደብ አድርጉት፦ የልጅ ልደት በቤት ውስጥ

ልጃችሁ ከትምህርት ቤት የልደት ጥሪ ካርድ ይዞ መጣ እንበል። ካርዱ ላይ ዳይኖሰር ተስሏል፣ ሰዓቱም ከ14:00 እስከ 17:00 ይላል። ሄዶ፣ ተጫውቶ፣ ተደስቶ ይመለስና ማታ እራት ላይ «እማዬ፣ የኔስ ቴማ ምንድን ነው?» ይላል።

ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ዝም እንላለን። እኛ ስናድግ ልደት ሲባል የምናውቀው የጌታን ልደት ነው። የተወለድንበትን ቀን በትክክል የማናውቅ፣ እዚህ መታወቂያችን ላይ «ጃንዋሪ 1» የተጻፈብንም ጥቂት አይደለንም። ቤቱ ጠባብ ነው፣ አዳራሽና መጫወቻ ቦታ መከራየት ደግሞ ኪስ ይጎዳል። አንዳንዱ ልጅ ጭራሽ ጓደኞቹን ወደ ቤት መጥራት ያፍራል፤ «የወጡ ሽታ ምን ይሉኛል?» ብሎ። ታዲያ ልደቱን ቤት ማክበር ይህን እፍረት ለማስለቀቅ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ቴማውም ሩቅ አይደለም፤ የሮተርዳም ወደብ ይሁን!

ጥሪው፦ የመርከብ ቲኬት

ካርዱን እንደ መርከብ ቲኬት ቁረጡት። «ካፒቴን» ብላችሁ የልጃችሁን ስም ጻፉ። የእንግዳው ብዛት በዕድሜው ልክ ይሁን፤ ለ7 ዓመት ልጅ 7 እንግዳ ይበቃል። መጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን ማብቂያ ሰዓቱንም ጻፉ፤ የሆላንድ ወላጆች በሰዓቱ መጥተው ልጃቸውን ይወስዳሉ። ለሀበሻ ዘመድ ግን ስትደውሉ ጠንቀቅ በሉ። «8 ሰዓት» ስትሉት 20:00 መስሎት ሻማው ከጠፋ በኋላ የሚመጣ አይጠፋም!

አለርጂ ያለበት ልጅ ካለ፣ የአሳማ ነገር የማይበላም ካለ ቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙ ለስላሳ ከረሜላ ከአሳማ የተሠራ ጄላቲን አለበት፤ ቆሎው ውስጥም ኦቾሎኒ አትቀላቅሉ።

መርከቡን መሥራት

ኤሌክትሮኒክስ መሸጫ ሄዳችሁ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የመጣበትን ካርቶን ለምኑ። ከፊትና ከኋላ ሹል አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ልጆቹ ራሳቸው ቀለም ይቀቡት። ሰማያዊ አንሶላ ወለሉ ላይ ከተነጠፈ ባሕሩ ተገኘ ማለት ነው። በሁለት ወንበር መካከል ነጭ ገመድ ብትወጥሩ የኤራስመስ ድልድይ ይሆናል። ድልድዩ በ1996 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሲሆን ምሰሶው 139 ሜትር ይረዝማል፤ የከተማው ሰው በቅርጹ «ዝዋን» ይለዋል፣ አንገተ ረጅሟን ነጭ የውሃ ወፍ ማለታቸው ነው።

ሦስት ጨዋታዎች

1. ክሬን፦ ባዶ የክብሪት ሳጥኖች ላይ የወረቀት መያዣ ሽቦ ሰኩ። እንጨት ላይ ክር፣ ክሩ ጫፍ ላይ ማግኔት እሰሩ። በ1 ደቂቃ ውስጥ ስንት «ኮንቴነር» ከመርከብ ወደ ምድር ያወርዳሉ? ለልጆቹ ይህንንም ንገሯቸው፦ ማስፍላክተ ላይ የሚቆሙት ትልልቆቹ መርከቦች እያንዳንዱ 6 ሜትር የሚያህል ከ24,000 በላይ ኮንቴነር መጫን ይችላሉ።

2. ጭነቱ ምንድን ነው? ዓይናቸውን በሻሽ ሸፍናችሁ ቡና፣ ኮረሪማ፣ ቀረፋና ዝንጅብል አሽትቷቸው (በርበሬውን ተዉት!)። ከዚያ ካርታ ዘርጉ። ከጅማ የተነሳ ቡና በመኪና ጅቡቲ ይደርሳል፣ ከዚያ በመርከብ ወደ አውሮፓ ይጓዛል። መንገዱን በጣታቸው ይከተሉት። የሸተታቸው ነገር ከየት እንደመጣ ያወቀ ልጅ «ይሸታል» አይልም፤ «ይሄኛው ኮረሪማ ነው!» ይላል። ልጃችሁም እዚያች ደቂቃ ላይ አስተማሪ ይሆናል።

3. ታንኳ፦ ጣና ሐይቅ ላይ ሰዎች ከደንገል በተሠራ ታንኳ እንጨትም ሰውም ያጓጉዛሉ። ልጆቹ ከአሉሚኒየም ፎይል ሁለት ጫፉ ሹል የሆነ ታንኳ ይሥሩ፣ ሳፋ ውስጥ ያንሳፍፉት፣ ሽምብራ አንድ በአንድ ይጫኑበት። ሳይሰምጥ ብዙ የጫነ ያሸንፋል።

ኬክ ወይስ ድፎ?

ሁለቱንም ማድረግ ትችላላችሁ። የመርከብ ቅርጽ ያለው ኬክ ማዘዝ ግን ግድ አይደለም። ድፎ ዳቦ ላይ ሻማ ይተከላል፣ የወረቀት ባንዲራ ይሰካል። ዳቦውን አያት ወይም በዕድሜ ትልቅ የሆነ ሰው መርቆ ይቁረሰው፤ ልጃችሁ ምርቃቱን ለጓደኞቹ ይተርጉም። ፈንዲሻና የምስር ሳምቡሳ ከበቂ በላይ ነው። ሆላንዶቹ ልጆች እጃቸውን አንስተው «ሁራ!» ሲሉ እናንተ እልልታውን አቅልጡት። አስተምሯቸው፤ ምላሳቸው እስኪደክም አያቆሙም።

ዘመድ አዝማዱን ከ17:00 በኋላ ጥሩ። ወጡም፣ ቡናውም፣ ጭፈራውም ያኔ ይደርሳል። አንድ ላይ ከሆነ ልጆቹ ጥግ ይያዛሉ፣ ልደቱም የትልልቆች ይሆናል። ከታች ያለውን ጎረቤት ቀደም ብላችሁ አሳውቁ፤ አንድ ሳህን ሳምቡሳ ብዙ ነገር ያበርዳል።

እጅ ሲያጥር

የቮድሰልባንክ ተጠቃሚ ከሆናችሁ ስለ «ስቲችቲንግ ያሪገ ዮብ» ጠይቁ። ድርጅቱ በምግብ ባንኮች በኩል ለልጆች የልደት ሳጥን ያድላል፤ ማስጌጫ፣ ስጦታና ለክፍል የሚታደል ነገር አለበት። ለልጅ ነውና አትፈሩ። አሻንጉሊትና ማስጌጫም ክሪንግሎፕ ውስጥ በርካሽ ይገኛል።

ቤቱ ጭራሽ ካልበቃ፣ አምስተርዳም ያላችሁ ከዋናው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ወደ ኖርድ የሚሻገረው ጀልባ ነጻ ነው፤ ደንሃግ ያላችሁ የስኸቨኒንገን ወደብ አለላችሁ። ሮተርዳም ያላችሁ ወደ ካተንድሬኽት ውረዱ። በ2025 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የፌኒክስ የስደት ሙዚየም እዚያ ነው። ከዚህ ወደብ ብዙ ሰዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ አሜሪካ ተሰድደዋል። መሄድና መምጣት የኛ ብቻ ታሪክ እንዳልሆነ ልጆቻችሁ በዓይናቸው ያያሉ።

ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው

ሻማችሁን ከማጥፋታችሁ በፊት እናታችሁን ወይም አባታችሁን «አንቺስ፣ አንተስ መቼ ተወለዳችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀኑን ላያውቁት ይችላሉ። «ክረምት ነበር፣ ዝናብ ይዘንብ ነበር» ሊሉ ይችላሉ። በቃ፣ ከእነሱ ጋር ቀን ምረጡ፤ አንድ ሻማም አስቀሩላቸው።

መልካም ልደት!