በከሰል የሚጠበስ ሥጋ፡ ጣዕሙን ሳናጣ ጤናችንን እንጠብቅ

በዓል ሲደርስ፣ ልጅ ሲመረቅ ወይም ዘመድ ከሩቅ ሲመጣ በየግቢው ከሰል ይያያዛል። በቀጭን ብረት ወይም እንጨት ላይ ተሰክቶ በፍም የሚጠበስ ሥጋም በአዋዜ፣ በሚጥሚጣና በኮረሪማ ሲታሽ የአገራችንን ጣዕም ይይዛል። ይህን ምግብ ስናዘጋጅ ጉዳት ሊመጣ የሚችለው ከሦስት ነገሮች ነው፤ ከሥጋው አያያዝ፣ ከእሳቱ እና እሳቱ ከሚቀመጥበት ቦታ። ሦስቱንም መቆጣጠር በእጃችን ነው።

ሥጋው ውስጡ ድረስ ይብሰል

ሥጋው በእንስሳት ሐኪም የተመረመረ መሆኑን ማረጋገጥ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው። በደንብ ያልበሰለ የበሬ ሥጋ የኮሶ ትልን ወደ ሰው ያስተላልፋል። እንደ ሳልሞኔላ ያሉ ባክቴሪያዎችም ተቅማጥ፣ ትውከትና ትኩሳት ያስከትላሉ። ብዙዎች ሎሚውና ሚጥሚጣው «ጀርሙን ይገድለዋል» ብለው ያምናሉ። ይህ ስህተት ነው፤ ቅመም የሙቀትን ሥራ አይተካም።

የዓለም ጤና ድርጅት ምግብ መሐሉ ድረስ 70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንዲደርስ ይመክራል። መለኪያ ከሌለ ትልቁን ቁራጭ ከፍሎ ማየት ይቻላል። ውስጡ ቀይ ከሆነ ወይም የሚወጣው ፈሳሽ ደም የመሰለ ከሆነ ወደ ፍሙ ይመለስ። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡር እናቶች፣ ለአረጋውያንና የበሽታ መከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሰዎች ጥንቃቄው ይጠብቃል።

ጥሬ ሥጋ የተከተፈበትን ቢላና መክተፊያ ሳያጥቡ ለሰላጣ መጠቀም፣ የበሰለውንም ጥሬው በነበረበት ሳህን ላይ መልሶ ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም። ጥሬም ሆነ የበሰለ ሥጋ ከማቀዝቀዣ ውጪ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ።

ማጣፈጫው

ለአንድ ኪሎ ግራም ቀይ ሥጋ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ አራት ፍንካች የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቂት የተፈጨ ዝንጅብል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ እና የተከተፈ የሥጋ መጥበሻ ቅጠል ይበቃል። ጮማው ተነስቶ ሥጋው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር እኩል ይቆረጥ። ከማጣፈጫው ጋር ታሽቶ ተከድኖ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይ። የሚሰካበት እንጨት ከሆነ እንዳይቃጠል ግማሽ ሰዓት ውኃ ውስጥ መንከር ይጠቅማል።

በርበሬ በእሳት ላይ ቶሎ አርሮ ስለሚመር አዋዜና ሚጥሚጣ በብዛት የሚጨመሩት ሥጋው ከፍሙ ሲወርድ ቢሆን ይመረጣል። ንጥር ቅቤም እንዲሁ። አዋዜና ሚጥሚጣ ብዙ ጊዜ ጨው ስላላቸው ተጨማሪ ጨው ሲደረግ መጠኑ ይታሰብ። በተለይ የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ይህን አይዘንጉ። ጥሬ ሥጋ የታሸበት ፈሳሽ የበሰለው ላይ ፈጽሞ አይፈስም።

ፍም እንጂ ነበልባል አይደለም

ሥጋ በከፍተኛ ሙቀት ሲያር፣ ቅባቱም ፍሙ ላይ ተንጠባጥቦ ሲጨስ ለካንሰር ሊያጋልጡ የሚችሉ ኬሚካሎች ይፈጠራሉ። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም በፈረንጆቹ 2015 ቀይ ሥጋን «ለሰው ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ በሚገመት» ምድብ አስቀምጧል። ይህ ማለት አንድ ቀን ጥብስ የበላ ሰው ይታመማል ማለት አይደለም፤ መጠኑንና አበሳሰሉን እንድንመርጥ ያሳስባል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከሰሉ ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ነጭ አመድ እስኪለብስ መጠበቅ፤ ፍሙን ወደ ዳር ገፋ አድርጎ ቅባቱ በቀጥታ እንዳይንጠባጠብበት ማድረግ፤ ሥጋውን ቶሎ ቶሎ ማገላበጥ፤ ያረረውን ክፍል ቆርጦ መጣል። በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርትና በሥጋ መጥበሻ ቅጠል መዘፍዘፍም የጎጂዎቹን ኬሚካሎች መፈጠር እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል። ከሰል በፌስታል፣ በፕላስቲክ ወይም ቀለም በተቀባ እንጨት ማያያዝ ግን መርዛማ ጭስ ስለሚያስከትል መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

የማይታየው ገዳይ

ከሁሉ የከፋው አደጋ ሳህኑ ላይ አይታይም። ዝናብ ሲመጣ ወይም ሲበርድ ምድጃውን ከነፍሙ ወደ ቤት ማስገባት የተለመደ ነው። «ጭሱ አልቋል፣ ከእንግዲህ አይጎዳም» ይባላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ጭስ የሌለው ቀይ ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። ይህ ጋዝ ቀለምና ሽታ የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ስለሚይዝ አንጎልና ልብ ኦክስጅን ያጣሉ።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ናቸው። በበዓል ቀን እነዚህን የመጠጥ ወይም የድካም ውጤት አድርጎ መተኛት ሕይወት ያሳጣል። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ከሰሉን ይጠርጥሩ። ሁሉንም ወዲያው ወደ ንጹህ አየር ማውጣት፣ ከዚያም ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ወይም በቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መጥራት ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ውኃ መስጠት ትንታ ስለሚያስከትል አይገባም።

ስለዚህ ከሰል የሚያያዘው ደጅ ነው። ጥብሱ ሲያበቃ ፍሙ ውጪ እንዳለ በውኃ ወይም በአፈር በደንብ ይጥፋ። ለማሞቂያ ብሎ መኝታ ቤት ማስገባት በፍጹም አይሞከር።

መጠኑስ?

የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ የሚመክረው የበሰለ ቀይ ሥጋ በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም እንዳያልፍ ነው። በበዓል ሰሞን ይህ በአንድ ቀን ሊበላ ይችላልና ከጥብሱ ጎን ጎመን፣ ሰላጣና ቲማቲም በብዛት ቢቀርብ ሆድም ይጠግባል፣ ሥጋውም ይቀንሳል። የሪህ ሕመም ያለባቸው ሰዎች መጠኑን ከሐኪማቸው ጋር ቢወስኑ ይመረጣል።

እንግዳ ጠርቶ ማብላት የቆየ ባህላችን ነው። የጠራናቸው እንግዶች በሰላም በልተው በሰላም ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ማድረግም የባለቤቱ ድርሻ ነው። መልካም ጤና!