አሮጌ ሞተር ላይ ቱርቦ ከማስገጠማችሁ በፊት ብሎኑን ጠይቁ

እዚህ ስለ ደሞዝ፣ ስለ ኮንትራትና ስለ ገንዘብ አላላክ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ብሎን ነው። አትሳቁ። ከመካከላችን ለወንድሟ ወይም ለባሏ መኪና ገዝታ፣ ከዚያ ደግሞ በየጊዜው «ሞተር ይታደስ» ተብላ ብር ያልላከች ስንቷ ናት?

የእኔ ወንድም ደሴ ነው ያለው። የሚሠራበት መኪና አሮጌ ላንድክሩዘር ነው፣ ሞተሩ 1ኤችዜድ የሚባለው፣ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ። ይህ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ቱርቦ የለውም። ደሴ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ አየሩ ከዱባይ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። አየር ሲያንስ ጉልበት ያንሳል። ስለዚህ ጭነት ይዞ ከኮምቦልቻ ወደ ላይ ሲወጣ መኪናው ያለቅሳል። ቱርቦ እንዲገጠም የፈለገው ለፉክክር አይደለም፣ ዳገቱን ለመውጣት ነው። ሐሳቡ ትክክል ነበር።

ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው። ሞተሩ ወርዶ ሲታደስ ፋሻው፣ ብሮንዚናው፣ ጋስኬቱ ተቀየረ፣ ቱርቦው ተገጠመ። የቴስታታው ብሎኖች ግን ተጠርገው እነዚያው አሮጌዎቹ ተመለሱ። ያሠሩትም በእጅ ስሜት ነው፤ ረጅም ቧንቧ መፍቻው ላይ ሰክተው «ይበቃዋል» እስኪሉ። በ3ኛው ሳምንት ዳገት ላይ ውሃው ፈላ፣ ጋስኬቱ ተነፈሰ። ሲከፈት ሁለቱ ብሎኖች ያለ ምንም ትግል ወጡ። የ5 ወር ደሞዜ ነበር። ጋራዡን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም እንደዚያ የሚሠራው እሱ ብቻ አይደለም።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ግን የምሠራበት ቤት ትልቁ ልጅ ኒሳን ፓትሮል አለው፣ ቲቢ48 የሚባለው 4.8 ሊትር ቤንዚን ሞተር፣ ክረምት ሲመጣ አሸዋ ላይ የሚነዳው። ሞተሩን ለቱርቦ ያስፈታው ግቢያችን ውስጥ ነበር። ሻይ እያመላለስኩ፣ መብራት እየያዝኩ፣ ያን ሰሞን የወንድሜ ነገር ስላቃጠለኝ አንድ በአንድ ጠየቅኩ። መካኒኩ ትዕግስተኛ ሰው ነው፣ አስረዳኝ። ልጁም መጽሐፉን አሳየኝ።

ነገሩን በድስት ላስረዳችሁ። በእንፋሎት የሚያበስለውን ድስት ሁላችን እናውቀዋለን። ክዳኑ ጥርሱ ላይ በደንብ ካልተቆለፈ ጎማው አዲስ ቢሆንም ይተነፍሳል። ቴስታታ ክዳኑ ነው፣ ጋስኬት ጎማው ነው፣ ብሎኖቹ መቆለፊያው ናቸው። ልዩነቱ ግፊቱ ነው። የ1ኤችዜድ ፒስተን ስፋቱ 94 ሚሊሜትር ነው፤ የአንዱ ሲሊንደር አፍ ወደ 69 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል ማለት ነው። አንድ ባር ግፊት በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ናፍጣው ሲቀጣጠል ግፊቱ 100 ባር ደረሰ እንበል፦ ያ አንድ ሲሊንደር ቴስታታውን ወደ ላይ የሚገፋው በ7 ቶን ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር ይህን በሴኮንድ 25 ጊዜ ያደርገዋል። ቱርቦ ሲጨመር ይህ ቁጥር ነው የሚያድገው፣ የሚይዘው ግን ያው ብሎን ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ብሎን ሲጠብቅ ዝም ብሎ አይቆምም፣ በጣም በትንሹ ይሳባል። የቀሚስ ላስቲክ በሉት። የሚይዘውም ወደ ቦታው ልመለስ ሲል በሚስበው ኃይል ነው። ላስቲክ ከልክ በላይ ከተለጠጠ ግን አይመለስም፣ ቀሚሱ ይወርዳል። ብሎንም እንዲሁ፦ ከልኩ ካለፈ ረዝሞ ይቀራል። ዓይን አያየውም። አንዳንድ ፋብሪካዎች ብሎኑን ሆን ብለው እስከዚያ ልክ እንዲሳብ አድርገው ነው የሚያሠሩት፤ እንደዚያ ያለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ሌሎቹ ተለክተው ይመለሳሉ፤ የጥገና መጽሐፉ የርዝመት ወይም የውፍረት ወሰን ይሰጣል። ከአዲስ ብሎን ጎን አቁማችሁ አሮጌው ከረዘመ ወይም ወገቡ ከቀጠነ ይጣል። ቱርቦ ለሚገጠምለት ሞተር ግን እኔ ብሆን መለካቱንም አልደክምበትም። አዲስ ነው።

የብሎን ራስ ላይ 8.8፣ 10.9፣ 12.9 የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ምስጢር አይደለም። የመጀመሪያው ቁጥር በ10 ሲባዛ አንድ ካሬ ሚሊሜትር ብረት ከመበጠሱ በፊት ስንት ኪሎ እንደሚሸከም በግምት ይነግራችኋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከዚያ ውስጥ ከስንት አሥረኛው በኋላ ተስቦ እንደሚቀር። 10.9 በ100 ኪሎ ይበጠሳል፣ ከ90 ካለፈ አይመለስም። 8.8 ደግሞ 80 እና 64 ነው። ለሞተር ብቻ ብሎን የሚሠሩ ኩባንያዎች አሉ፤ እዚህ በጣም የሚታወቀው የአሜሪካው ኤአርፒ ነው፤ የተለመደው የቴስታታ ስተዱ ወደ 140 ኪሎ ይደርሳል።

«እንግዲያው ጠንካራውን ገዝቼ በድሮው ልክ ላስጠብቀው» የሚል ሰው ግን ገንዘቡን ጣለ። እኔም መጀመሪያ ያልገባኝ ይሄ ነው። ጠንካራ ብሎን በራሱ አጥብቆ አይይዝም። ውፍረቱ ያው ከሆነ፣ በያው ልክ ከጠበቀ የሚይዘው ያንኑ ያህል ነው። ጥቅሙ ሳይበላሽ ከዚያ በላይ እንዲጠብቅ መቻሉ ነው። ስለዚህ የሚጠብቅበት ልክ ከራሱ ከብሎኑ አምራች ወረቀት ይወሰዳል፣ ከመኪናው መጽሐፍ አይደለም። ወረቀቱ የሚለውን ቅባትም መጠቀም ግድ ነው። መፍቻው ላይ ከምናወጣው ጉልበት ወደ አሥር በመቶው ብቻ ነው ብሎኑን የሚስበው፣ ሌላው በሰበቃ ያልቃል። ቅባቱ ሲቀየር ሰበቃው ይቀየራል፣ በዚያው ቁጥር ብሎኑ ከልክ በላይ ሊሳብ ወይም ላላ ብሎ ሊቀር ይችላል።

ስተድ ያልኩት ራስ የሌለው፣ ሁለቱም ጫፉ ጥርስ ያለው ዘንግ ነው። ከብሎን የሚሻለው በዚህ ነው፦ ብሎን ሲጠብቅ እየተጠመዘዘም እየተሳበም ነው፣ የሞተሩን ጥርስም እያፋጨ። ስተድ ግን ብሎኩ ውስጥ በእጅ ብቻ ይገባል፣ ከዚያ ዳዶው ከላይ ሲጠብቅ ቀጥ ብሎ ይሳባል። የሞተሩ ጥርስ አይጎዳም። ለአሮጌ ሞተር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ለወንድሜ ግን ስተድ አልገዛሁም። ለምን? የእሱ ቱርቦ ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ለዚያ አዲስ የፋብሪካ ብሎን በትክክል ከጠበቀ ይበቃል አለኝ መካኒኩ፣ እኔም አመንኩት። ደግሞ በጣም አጥብቆ የሚይዝ ስተድ ሲገባ ብሎኩ ራሱ በትንሹ ይጨማደዳል። የኮሎው መያዣ ብሎኖች በጠንካራ ስተድ ሲቀየሩም ኮሎው የሚዞርበት ቀዳዳ ክብነት ተለክቶ፣ ካስፈለገ በማሽን ይስተካከላል። ያንን የሚሠራ ማሽን ቤት በአቅራቢያ ከሌለ፣ ውድ ስተድ ገዝቶ መላክ ጉዳት ነው።

የቢዬላ ብሎን ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቱርቦ የሚገፋው ፒስተኑን ወደ ታች ነው፣ ቢዬላውን ይጫነዋል እንጂ ብሎኑን አይስበውም። የቢዬላ ብሎን የሚሰቃየው ጭሱ ወጥቶ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ነው። ከላይ የሚገፋው ነገር የለም፣ ፒስተኑ ግን በሄደበት ሊቀጥል ይፈልጋል፣ ጎትቶ የሚመልሰው ብሎኑ ነው። ይህ ኃይል ከዙሩ ጋር በካሬ ነው የሚያድገው፦ ከ4,000 ወደ 5,000 ዙር ቢወጣ 56 በመቶ ይጨምራል። እንግዲህ የፓትሮሉ ልጅ አሸዋ ላይ ሞተሩን ስለሚያስጮኸው የቢዬላ ብሎን ቀዳሚው ነው፤ የወንድሜ ናፍጣ ግን ዙሩ ስላልጨመረ የፋብሪካው በቂ ነው። አዲስ ይሁን እንጂ። እሱ ከተበጠሰ ቢዬላው ብሎኩን ቀዶ ነው የሚወጣው፣ ከዚያ በኋላ የሚታደስ ሞተር የለም። ዓይነቱ ሲቀየር ደግሞ ብሎኑ በልኩ ጠብቆ የቢዬላው ቀዳዳ ክብነት ይለካል።

ቱርቦውና የጭስ ማውጫው ላይ ያሉት ሌላ ናቸው። እዚያ ጠላቱ ሙቀት ነው። 12.9 ስለሆነ ብቻ አትግጠሙ፤ ጥንካሬው የመጣው በሙቀት ሕክምና ነውና ብዙ ሲግል ይለሰልሳል። ሙቀት የሚችል ብረት ይሁን። ውስጡ ፕላስቲክ ያለው ዳዶ ደግሞ በፍጹም፣ ይቀልጣል።

ስለ መግዛት። ሻርጃ ሰናዒያ ሁሉም አለ፣ አስመሳዩም አለ። ያገለገለ ሞተር፣ ያገለገለ ቴስታታ ይገዛል፤ ያገለገለ የቴስታታ ወይም የቢዬላ ብሎን ግን በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ብሎኑን ከወካላው ወይም ደረሰኝ ከሚሰጥ ሱቅ ግዙ፣ የሞተሩን ኮድና የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ ይዛችሁ። ከሕንፃ ዕቃ መሸጫ የሚያብለጨልጭ 12.9 ብሎን ገዝታችሁ ለሞተር አትላኩ፤ ያን ያህል ጠንካራ ብረት በሚለበጥበት ጊዜ በጥንቃቄ ካልተያዘ ውስጡ ተሰባሪ ይሆናል፣ ጠብቆ ካደረ በኋላም በድንገት ሊበጠስ ይችላል።

ከብሎኑ ጋር ቶርክ መፍቻ ላኩ። ካለኝ ገንዘብ በጣም የጠቀመኝ እሱ ነው። ከመግጠም በፊት ቀዳዳዎቹ ተጠርገው በአየር ይነፉ፤ ታች ዘይት ወይም ውሃ ከቀረ ብሎኑ ሲወርድ መውጫ አጥቶ ብሎኩን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ብሎን የማያድነውንም ልናገር። 1ኤችዜድ ያለ ቱርቦ የተሠራ ስለሆነ አየሩን ከ22 እጥፍ በላይ ነው የሚያምቀው፤ ዘመዱ 1ኤችዲቲ ከፋብሪካ ቱርቦ ያለው ግን 18.6 ነው። ስለዚህ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ናፍጣ የጨመረበት ሰው፣ ብሎኑ ወርቅ ቢሆን ቴስታታው ይሰነጠቃል፣ ፒስተኑ ይቀልጣል። የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ ከስተድ ይቀድማል።

ሁለተኛው ዕድሳት ባለፈው ወር አለቀ። መጽሐፉ የቴስታታውን ብሎን መጀመሪያ በቶርክ መፍቻ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ በ90 ዲግሪ ነው የሚለው። ከማዞሩ በፊት እያንዳንዱ ብሎን ራስ ላይ ወደ ፊት በኩል ነጭ ቀለም ይነካል፤ ሁለቴ ሲዞር ሁሉም ምልክት ወደ ኋላ ማየት አለበት። ወንድሜን ክዳኑን ከመዝጋትህ በፊት ፎቶ ላክልኝ አልኩት። ማታ ማዳም ከተኛች በኋላ ፎቶውን አስፍቼ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። አራተኛው ሲሊንደር አጠገብ ያለው አንዱ ምልክት ወደ ጎን ነበር የሚያየው። ደወልኩለት፤ በማግስቱ ጠዋት ያንን አንዱን ብሎን 90 ዲግሪ ጨመረው።