ባልና ሚስት አብረው ሲሮጡ

ከእሑድ አምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሻይ ስንጠጣ ነበር ያጫወቱኝ። እርሱ አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እርሷ ሁለተኛ ልጃቸውን ከወለደች አምስት ወሯ ነበር። ለታላቁ ሩጫ አብረው ተመዝግበው «አብረን እንጸልያለን፤ አብረን ደግሞ እንሮጣለን» አሉኝ በደስታ። በሦስተኛው ሳምንት ግን እርሱ ደረጃ የሚወርደው መደገፊያ ይዞ ነው፤ እርሷም ቅልጥሟን እያመማት ታነክሳለች። ታሪካቸውን የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው።

ታላቁ ሩጫ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መሥርቶት በኅዳር 1994 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሮጦ የማያውቀውን ሁሉ ከአልጋው አስነሥቷል። ይህ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ልምምድ የምንጀምረው ጥቅምት ሲገባ ነው። ትንፋሽ በጥቂት ሳምንታት ይለመዳል፤ አጥንትና ጅማት ግን ለመጠንከር ወራት ይፈልጋሉ። ሰው ሲሮጥ እግሩ መሬት በነካ ቁጥር የክብደቱን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይሸከማል። ሰባ ኪሎ የሚመዝን ወንድም በእያንዳንዱ እርምጃ ከ140 እስከ 210 ኪሎ ያርፍበታል ማለት ነው። በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ደግሞ እርምጃው በሺዎች ይቆጠራል። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ሩጫ ደጋግሞ ጽፎልናል፤ ስለ ጉልበት ሕመም ግን አልነገረንም!

ባልየው ለሚስቱ ያልነገራት ነገር ነበረው። ተማሪ ሳለ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ ዞሮ ለወራት አንክሷል። በሯጮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው የሚያሳዩት ትልቁ አስጊ ነገር ይኸው የቀድሞ ጉዳት ነው። ሰዎች ጫማን ወይም ጠፍጣፋ እግርን ይወቅሳሉ፤ የእነዚህ ማስረጃ ግን ያን ያህል ጠንካራ አይደለም። ከመሮጥ በፊት መንጠራራትም ብቻውን ከጉዳት አያድንም። ለጀማሪ ከባድ የሰውነት ክብደት አስጊ ሊሆን ይችላል። እግረ መንገዴን፦ ለታይፎይድ ወይም ለሽንት ቧንቧ ሕመም ሲፕሮ የሚባለውን መድኃኒት የወሰደ ሰው ተረከዙን ከባቱ የሚያያይዘው ጅማት ሊታመም፣ አልፎ አልፎም ሊበጠስ ስለሚችል ወደ ሩጫ ከመመለሱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

የእርሷ ነገር ይበልጥ አሳሰበኝ። ከወሊድ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር ሳይሞላ መሮጥ አይመከርም፤ ማኅፀንንና ፊኛን ደግፈው የያዙት ጡንቻዎች መጠንከር አለባቸው። እርሷ ጊዜውን ጠብቃለች። ነገር ግን ጡት እያጠባች፣ እንቅልፍ ሳይኖራት፣ በዚያ ላይ የቤተ ክርስቲያኑን የጾም ጸሎት ሳምንት እየጾመች ትሮጥ ነበር። ምግብ ሲያንስ አጥንት ራሱን መጠገን ያቅተዋል። ሕመሙ በአንድ ጣት የሚጠቆም ቦታ ላይ ከሆነና ሌሊትም ካልተወ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። እናቷ ወጌሻ ዘንድ ሊወስዷት ነበር። እንዲህ ያለውን እግር ማሸት ጉዳት ያስከትላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ እንኳ ስንጥቁን ላያሳይ ስለሚችል «ራጁ ደህና ነው» ተብሎ ወደ ሩጫ አይመለሱም።

ባልየው የጉልበቱን ነገር ለሚስቱ የነገራት በዚያ ሰሞን ነው። «ለምን ደበቅኸኝ?» አለችው። «አብረሽኝ እንዳትቀሪ ብዬ ነው» አላት። እኔ ግን ያሳፈረው መሰለኝ፤ ወንዶች እንዲህ ነን።

ከዚያ በኋላ እርሱ በሳምንት ሦስት ቀን አንድ ደቂቃ እየሮጠ ሁለት ደቂቃ እየተራመደ ጀመረ። ማታ ማታ ከወንበር እየተነሣና እየተቀመጠ፣ ደረጃ ላይ ቆሞ ተረከዙን ከፍ ዝቅ እያደረገ ጭኑንና ባቱን ያጠነክራል። እርሷ ሐኪም ባዘዛት መሠረት ሩጫውን አቁማ አረፈች።

በሩጫው ቀን እርሷ ቲሸርቷን ለብሳ፣ ሕፃኑን አዝላ፣ ከመንገድ ዳር ቆመች። ባሏ ግማሹን በእግሩ እየተራመደ ሲያልፍ አይታ ሳቀች፤ እርሱም ከመስመሩ ወጥቶ ልጁን ሳመና ቀጠለ።