ሳተላይቱ ስልክዎን አያየውም

«ጂፒኤስ ከከፈትክ ሳተላይቱ የቆምክበትን ያያል» የሚለው ወሬ ስንቴ ታርሞ ስንቴ ተመልሶ መጣ! አያይም። ሳተላይቱ ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሰዓቱንና ያለበትን ቦታ ይናገራል፤ ስልኩ ይሰማል። ስልኩ ወደ ሳተላይቱ የሚልከው አንዳች ነገር የለም። ከጂፒኤስ ያወቀውን ቦታዎን ለሌላ ሰው የሚያደርሰው በኢንተርኔት የሚሠራ መተግበሪያ ነውና ከሠጉ ቦታዎን የማየት ፈቃዱን ይንሱት።

ይህ ወሬ የተደበቀ ዕቃ በጂፒኤስ የሚፈለግበትን፣ ጂኦካሺንግ የሚባለውን ጨዋታ የስለላ ሥራ አስመስሎታል። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. አሜሪካ በሲቪል ጂፒኤስ ላይ ሆን ብላ ትጨምረው የነበረውን ስህተት አነሳች። በማግስቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ውስጥ አንድ ባልዲ ደብቆ የቦታውን ቁጥር ለሕዝብ አሳወቀ። በእንቆቅልሽ ዓይነቱ ጨዋታ የሚነገረው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ሐሰተኛ ነው፤ እውነተኛውን የሚያገኘው እንቆቅልሹን የፈታ ብቻ ነው።

ኩሌ ላይ እንሞክረው እንበል። ጋምቤላ ክልል፣ ኢታንግ ልዩ ወረዳ ያለው ኩሌ በ2006 ዓ.ም. ለደቡብ ሱዳን ስደተኞች የተከፈተ ሲሆን፣ ስሙ መጠለያ ይሁን እንጂ በዞንና በብሎክ ተከፍሎ እንደ ከተማ ሰፈር ተጠጋግቶ የሚኖርበት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ ሰው ያስደነግጣል፤ ነዋሪውና አስተዳደሩ ሳይፈቅዱ አንድም ነገር መደበቅ የለበትም። እዚህ የምንፈታው በወረቀት ላይ ነው፤ ቁጥሩም ለስሌት ብቻ የተመረጠ ነው።

የእንቆቅልሹ የሰሜን ቁጥር በግዕዝ ተጽፏል፦ ፰፣ ፲፰፣ ፵፭። የመጀመሪያው ዲግሪ፣ ሁለተኛው ደቂቃ (የዲግሪ 60ኛ ክፍል ማለቴ ነው)፣ ሦስተኛው የደቂቃ ሺኛ ነው። ግዕዝ ዜሮ የለውምና ቸኩሎ የሚፈታ ሰው 18.45 ብሎ ይጽፋል። ትክክሉ 18.045 ነው። ልዩነቱ 750 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሌላ ብሎክ ውስጥ የሌላ ሰው ግቢ ሲቆፍር ይገኛል። ዲግሪና ደቂቃውን ቀላቅሎ 8.18 ዲግሪ ያለ ደግሞ ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ ይስታል። የምሥራቁም ቁጥር እንዲሁ ይፈታል።

የመጨረሻዋ አሃዝ 1.8 ሜትር ገደማ ናት። ይህን ያህል ጥራት ግን የጋምቤላ ሰማይ ይሰጣል ወይ?

ስልኩ ርቀትን የሚለካው መልእክቱ በመንገድ ላይ በፈጀው ጊዜ ነው። የአንድ ማይክሮ ሰከንድ ስህተት 300 ሜትር ያስታል። የስልኩ ሰዓት ደካማ ስለሆነ ሦስት ሳተላይት አይበቃም፤ አራተኛው የሚያስፈልገው የሰዓቱን ስህተት ለማግኘት ነው። በአንስታይን ቀመር የሳተላይቱ ሰዓት በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ይቀድማል፤ ይህ አስቀድሞ ታርሞለታል። ሙሉ በሙሉ ያልታረመው ግን አዮኖስፌር የተባለው የላይኛው አየር የሚያመጣው መዘግየት ነው።

ከመቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ ወደ ላይ ያለውን አየር የፀሐይ ጨረር ይሰባብረውና ነጻ ኤሌክትሮኖች ይፈጠራሉ። እነዚህ መልእክቱን ያዘገዩታል። ኢትዮጵያ ደግሞ የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፍባት አገር ናት፤ ጋምቤላም ከመስመሩ ሩቅ አይደለችም። እዚህ የመግነጢስ መስመሮቹ አግድም ይተኛሉ። ቀን ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ላይ ያነሳቸዋል፤ ከዚያ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይንሸራተታሉ። በዚህም የተነሳ ስህተቱ ከአንድ የሰማይ አቅጣጫ ወደ ሌላው ይለያያል። በጂፒኤስ መልእክት የሚተላለፈው ማረሚያ ቀመር ከስህተቱ ግማሽ ያህሉን ያነሳል፤ ቀሪው ብዙ ሜትር ሊሆን ይችላል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ነገሩ ይብሳል። የታችኛው ንብርብር ቶሎ ሲሳሳ የላይኛው ወፍራም ሆኖ ይቀራል፤ ዘይት ላይ ውኃ እንደተደፋ ማለት ነው። ሳሳ ያለው ከሥር እንደ አረፋ ሰንጥቆ ይወጣል። በአረፋው መሐል የሚያልፍ መልእክት ይርገበገባል፤ አንዳንዴም ይጠፋል። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት፣ ይልቁንም በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ፣ ፀሐይ በምትነቃበት ዓመት ይበረታል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብኝ። አረፋው አንድ ምሽት ወጥቶ በማግስቱ የሚቀረው ለምን እንደሆነ ባለሙያዎች አልተስማሙም። ከፊሎቹ በምሽት የሚበረታውን የኤሌክትሪክ መስክ፣ ሌሎቹ ከታች ከከባቢ አየር የሚነሳውን ሞገድ ያስቀድማሉ። ሁለቱም ድርሻ እንዳላቸው አምናለሁ፤ ዛሬ ማታ ይወጣል ወይ ለሚለኝ ግን እርግጠኛ መልስ አልሰጥም። ስልኩ የሚስተው ሁሉ በአዮኖስፌር ምክንያት አይደለም፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ነጥሮ የሚመጣ መልእክትም በሜትሮች ያስታል።

እንግዲህ ጨዋታው የተፈቀደና እውነተኛ ቢሆን፣ ፈቺው 18.045ን ካገኘ በኋላ ቁጥሩ ላይ አይቁም። በቀን ይሂድ፤ ከቆርቆሮው ራቅ ብሎ ገላጣ ቦታ ይቁም፤ ቁጥሩ እስኪረጋ ጥቂት ይታገሥ። ከዚያ አሥር ሜትር ያህል ዙሪያውን በዓይኑ ይፈልግ። በሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ ስልክ ያለው የተሻለ ዕድል አለው፤ አዮኖስፌር ሁለቱን እኩል ስለማያዘገያቸው ከልዩነታቸው ስህተቱን ማስላት ይቻላል።