«ጠፋች» ከማለታችን በፊት፦ በየትኛው ሚዛን ነው የምንፈርደው?

የጥናቱ መነሻ፦ ማቴዎስ 7፥1–5፤ ዘዳግም 23፥15–16፤ የፊልሞና መልእክት



እንበልና አንዲት እህታችን አራት ወር ደሞዝ ሳይከፈላት ቆይታ ከማዳሟ ቤት ወጣች፤ እዚሁ ሱወይዲ ዘመድ ጋ ገባች። ከፊሏም «ሁሩብ» ብሎ አስመዘገባት። ዓርብ ቡና ላይ ወሬው ሲነሣ አንዱ «ፈርማ መጥታ ውሏን አፈረሰች» ይላል። ሌላዋ «ደግ አደረገች፤ ታዲያ ምን ትሁን?» ትላለች። ሦስተኛው «ለሁላችንም መጥፎ ስም አተረፈችልን» ይላል። ጭቅጭቁ ይጦፋል፤ ተኳርፎ የሚወጣም አለ። ሦስቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ የያዙት ሚዛን ነው የተለያየው።

መጀመሪያ ወሬንና ፍርድን እንለይ። «አራት ወር አልተከፈላትም» የሚለው ተጠይቆ የሚጣራ ነገር ነው። «መውጣቷ ነውር ነው» የሚለው ግን ፍርድ ነው፤ ተጣርቶ ብቻ አያልቅም፣ ሚዛን ይጠይቃል። አንዳንድ ቃል ደግሞ ወሬ መስሎ ፍርድ ተሸክሞ ይመጣል። «ጠፋች» ስንል ከባለቤቱ እጅ እንደጠፋ ዕቃ አስመሰልናት፤ «ወጣች» ብንል ግን ገና አልፈረድንም።

አሁን ሚዛኖቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

የግዴታ ሚዛን። «ቃል ቃል ነው» የሚል ሰው በዚህ ይመዝናል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት (1724–1804) «ሁሉም ሰው እንዲህ ቢያደርግስ?» ብለን እንድንጠይቅ ያስተምራል። ሁሉም ውል ቢያፈርስ ውል የሚባል ነገር አይኖርም። ነገር ግን ይኸው ካንት ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ መጠቀም ክልክል ነው ይላል። እንግዲህ በዚህ ሚዛን ከተመዘነ፣ እያሠራ የማይከፍለውም አብሮ ይመዘናል።

የውጤት ሚዛን። እንግሊዛውያኑ ጄረሚ ቤንታምና ጆን ስቱዋርት ሚል አንድን ሥራ የሚመዝኑት በሚያመጣው ጥቅምና ጉዳት ነው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥታችን ለሥራ ወደ ዐረብ አገር መሄድን አገደ፤ ምክንያቱም በዜጎች ላይ የሚደርሰው በደል ነበር። በተከታዮቹ ወራት ከ100 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከዚህ አገር ተመለሱ። እገዳው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ? አንዱ ከመከራ የዳኑትን ይቆጥራል፤ ሌላው መንገዱ ሲዘጋበት በደላላ እጅ በባሕር በየመን የመጣውን ይቆጥራል። በውጤት የሚመዝን ሰው ማንንም ሳይዘል መቁጠር አለበት።

የጠባይ ሚዛን። አርስቶትል የሚጠይቀው ስለ አንዱ ሥራ ብቻ ሳይሆን ስለ ሠሪው ጠባይም ነው። ድፍረት በፍርሃትና በእብሪት መካከል ያለ ነው ይላል። ስለዚህ የእህታችን መውጣት ድፍረት ነው ወይስ ችኮላ? ይህ ሚዛን ወደ እኛም ይዞራል፤ ቡና ላይ ስሟን ስናነሣና ስንጥል እኛስ ምን ዓይነት ሰው እየሆንን ነው?

የይሉኝታ ሚዛን። ይህንን ከመጽሐፍ አልተማርነውም፤ አገር ቤት ያደግንበት ነው። «ሰው ምን ይላል? የቤተሰቤ ስምስ?» እድሩንና ሽምግልናውን ይዞ ያቆየን እሱ ነው። ግን ደግሞ እየተበደለች ለእናቷ «ደህና ነኝ፣ አታስቡ» እያለች እንድትኖር የሚያደርጋትም እሱ ነው።

ቅዱስ መጽሐፍስ? ሙሴ በዘዳግም ከጌታው ሸሽቶ የመጣን ባሪያ አሳልፋችሁ አትስጡ ብሎ ያዝዛል። ቅዱስ ጳውሎስ ግን አናሲሞስን ወደ ፊልሞና መልሶ ላከው። የሚጋጩ ይመስላሉ። ሆኖም ጳውሎስ ሲልከው እንደ ቀድሞው እንዲሆን አይደለም፤ እንደ ተወደደ ወንድም ተቀበለው፣ ዕዳ ካለበትም እኔ እከፍላለሁ ብሎ ነው። አንዱ መጠጊያ ይሰጣል፣ ሌላው ያስታርቃል፤ ሁለቱም ግን ሰውየውን ከጌታው ጥያቄ ያስቀድማሉ። ጳውሎስ ደግሞ በአፉ ብቻ አልፈረደም፤ ሸክሙንም ተሸከመ።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም የሚያውቁት ታሪክ አለን። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ከመካ የተሰደዱ ሰዎች አክሱም ገቡ። ከኋላቸው የመካ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው መጥተው «መልስልን» አሉ። ንጉሡ ስደተኞቹን ሳልሰማ አልሰጥም አለ። ከሰማቸው በኋላ አልሰጥም ብሎ ስጦታውንም መለሰ። ከሁሉ በፊት የቀደመው መስማቱ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ወሬ ሲደርሰን በመጀመሪያ እሷን እንስማት። ቀጥሎ በየትኛው ሚዛን እንደምንመዝን ራሳችንን እንጠይቅ፤ ጠቡ ግማሹ እዚያ ይበርዳል። በመጨረሻም ከሸክሟ የትኛውን እንደምንይዝላት እናስብ፦ የውሏን ወረቀት ማስነበብ፣ ኤምባሲ አብሮ መሄድ፣ ለጥቂት ቀን ምግብና ማረፊያ። ሸክም ሳይነኩ መፍረድ ቀላል ነው።

ለውይይት፦
1. ባለፈው ወር በማን ላይ ፈረዳችሁ? በየትኛው ሚዛን?
2. ያ ሚዛን በእናንተ ላይ ቢዞር ትቀበሉታላችሁ?
3. ሁለት ሚዛኖች ሲጋጩ ቅዱስ ጳውሎስ ካደረገው ምን እንማራለን?

እግዚአብሔር ማስተዋልን ያድለን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።